ፔሊካኑን ማንም አልገደለውም

«ሐይቁ እዚህ ነበር» አለ አባትየው።

ልጅቷ ወደ እግሯ ሥር አየች። መሬቱ ነጭ ነው። በየአቅጣጫው ተሰነጣጥቋል። ሲረግጡት ላዩ ይሰበርና ከሥሩ ጥቁር ጭቃ ብቅ ይላል። ውሃ ለማየት ቀና ብሎ፣ ዓይንን አጥብቦ ሩቅ መመልከት ያስፈልጋል። እዚያ ማዶ አንድ ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። በመስመሩ ላይ ደግሞ በጣት የተቀባ የሚመስል ስስ ሮዝ ቀለም።

«እዚህ የቱ ጋ?»

«እዚሁ። የቆምንበት።»

ከጥምቀት በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው፤ ቦታው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ። አባትየው አምሳን አልፏል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ልጅቷ የመጨረሻ ልጁ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። የጓደኛውን ራቭፎር ተውሶ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ወጥቶ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ያመጣት ቃል ስለ ገባላት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ አንድ ወፍ ሲነግራት ከርሟል። ክንፉ ሲዘረጋ ከአልጋዋ እንደሚበልጥ፣ መንቁሩ ሥር ያለው ከረጢት እንደ መረብ አሳ እንደሚያፍስ፣ በመቶዎች ሆኖ ከተራራው ጀርባ ሲመጣ ሰማዩ ነጭ እንደሚሆን። ልጅቷም የሥዕል ደብተርና ባለ ቀለም እርሳሶቿን ይዛ መጥታለች።

ያ ወፍ ፔሊካን ነው። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት በአብያታ ዳርቻ አንድም አልነበረም።

አባትየው ይህን ወፍ የሚያውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1976 ዓ.ም.፣ ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው አዳማ ሰባተኛ ክፍል ሲማር፣ የሳይንስ መምህራቸው ተማሪዎቹን በአውቶቡስ ጭነው እዚሁ አመጧቸው። ከመኪናው ከመውረዳቸው በፊት መምህሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውስጡ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ወፍ ስም ተጽፎበታል። ፍላሚንጎ፣ ዳክዬ፣ ዝይ፣ ሳቢሳ፣ ሽመላ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ወረቀት አወጣ።

«እስከ ማታ ይህ ወፍ ያንተ ነው» አሉ መምህሩ። «ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ በየት መጥቶ በየት እንደሚሄድ አይተህ ስንመለስ ትነግረኛለህ። ሌላውን ወፍ አልጠይቅህም።»

እሱ ያወጣው ወረቀት «ፔሊካን» ይላል። ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ፍላሚንጎ ስለ ደረሰው ቅር አለው። እስከ ማታ ግን ቅሬታውን ረስቶት ነበር። ፔሊካኖቹ እንደ ወንፈል ሠራተኛ ተሰልፈው፣ አሳውን ከበው ወደ ጥልቀት አልባው ውሃ ሲነዱት፣ ከዚያም ሁሉም በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ሲነክሩ አየ። ከሰዓት በኋላ የጠገቡት ክብ እየሠሩ ሽቅብ ወጡና ከደቡብ በኩል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው ጠፉ። «የት ሄዱ?» ብሎ መምህሩን ጠየቀ። «ልጆቻቸውን ሊያበሉ» አሉት። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ብዙ ነገር የለም፤ ይህን ግን ያስታውሳል።

ዛሬ አብሯቸው የመጣው የፓርኩ ስካውት ወጣት ነው፤ የአካባቢው ልጅ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆሟል። አባትየው በተዋሰው ባይኖኩላር ማዶውን ደጋግሞ ሲቃኝ አይቶ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ፔሊካን ነው የሚፈልጉት?»

«አዎ ወንድሜ። ድሮ እዚህ ሞልቶ ነበር።»

«እኔም አባቴ ሲያወራ ነው የምሰማው። አሁን ሲያልፉ ያርፋሉ እንጂ አይቆዩም። ቆይተው ምን ይበላሉ? አሳው እኮ አልቋል።»

«ያ ሮዝ የሚታየውስ?» አለች ልጅቷ።

«እሱ ፍላሚንጎ ነው፣ የኔ እናት። ፍላሚንጎ አሳ አይፈልግም። ሶዳ ያለበት ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ነው የሚያጣራው። ውሃው እስካለ ድረስ እሱ ይኖራል።»

«እንጠጋ?»

ስካውቱ ራሱን ነቀነቀ። ጭቃው ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ይውጣል። መኪና ይዘው ወደ ውሃው ለመጠጋት የሞከሩ ሰዎች ጎማቸው ተቀብሮ በትራክተር የወጡበት ጊዜ እንዳለ ነገራቸው።

እዚህ ላይ የቦታው ታሪክ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም አብያታ እንደ ማንኛውም የደረቀ ሐይቅ ብቻ የሚታይ አይደለም። ፓርኩ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም ዋናው ምክንያት አንበሳ ወይም ዝሆን አልነበረም፤ የውሃ ወፎቹ ነበሩ። ጠቅላላ ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ካርታው ሲነደፍ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነበር። በአካባቢው ከ400 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ የአውሮፓንና የሰሜን እስያን ብርድ ሸሽተው ከመስከረም ጀምሮ የሚመጡ እንግዶች ናቸው።

የፔሊካኑ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። ኑሮው በሁለት ሐይቅ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሻላ ጥልቅ ነው፤ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። በመካከሉ ሰውም ጅብም በቀላሉ የማይደርስባቸው ደሴቶች አሉ። እንቁላል ለመጣል ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ችግሩ ሻላ ለፔሊካን የሚበቃ አሳ የለውም። ከኮረብታው ወዲህ ያለው አብያታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥልቀት የለውም፣ መሸሸጊያ የለውም፣ ነገር ግን አሳ ነበረው። ስለዚህ ወፉ ሻላ ላይ ወለደ፣ አብያታ ላይ በላ። ጠዋት ምድሩ ሲሞቅና ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲነሣ እሱን ተንተርሶ ኮረብታውን ይሻገራል፤ ሆዱን ሞልቶ ይመለሳል። ሌስሊ ብራውንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን በሻላ ደሴቶች ላይ ያለውን የፔሊካን መራባት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። በዚያን ዘመን ቦታው በአፍሪካ ካሉት ትላልቅ የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነበር።

አንድ ጎልማሳ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ገደማ አሳ ይፈልጋል። ጫጩት ያለው ደግሞ ከዚያ በላይ። ሻላ ዛሬም በቦታው አለ፤ ደሴቶቹም አሉ። መኝታ ቤቱ አልተነካም። የጠፋው ማዕድ ቤቱ ነው።

እንዴት ጠፋ?

አብያታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባበት ውሃ የሚወጣው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ነው። እሳት ላይ የተረሳ ወጥ ምን እንደሚሆን ማንኛዋም እናት ታውቀዋለች፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል። በየዓመቱ አዲስ ውሃ እስከ ገባለት ድረስ ሐይቁ ሚዛኑን ይጠብቃል። የሚገባው ሲያንስ ይሸሻል፤ የቀረው ውሃም ሶዳው ይበረታበታል። ቆሮሶ አሳ ብዙ ነገር ይችላል፤ ያን ያህል ሶዳ ግን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ የነበረው የአብያታ ስፋት፣ ከ2000 በኋላ በሳተላይት ሲለካ ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኝቷል።

የአብያታ ዋና ውሃ የሚመጣው ከላይ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ነው። መቂና ቃጠር የሚባሉት ወንዞች ዝዋይን ይሞላሉ። ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከላንጋኖም ሆራቀሎ የሚባል ትንሽ ወንዝ ይመጣል። በአጭሩ አብያታ የሚኖረው ከሌላው በተረፈ ነው። በመስመሩ ላይ መጨረሻው እሱ ነው።

ከመጨረሻው በፊት ደግሞ ብዙ ወረፋተኛ አለ። በመቂና በቃጠር ዳር ፓምፕ የተከለ ገበሬ አለ። በዝዋይ ዙሪያ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን የሚያመርት አለ። ለሺዎች ሥራ የከፈተ የአበባ እርሻ አለ። የሚጠጣ የከተማ ነዋሪ አለ። በቡልቡላ ዳር ደግሞ ሌላ ፓምፕ አለ። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ራሱ አብያታ ዳር፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ ሥራ የጀመረ፣ የሐይቁን ውሃ በገንዳ ላይ አሰጥቶ በፀሐይ እያተነነ ሶዳ አሽ ሲያወጣ የቆየ ፋብሪካ አለ። ሶዳ አሹ ለብርጭቆና ለጠርሙስ፣ ለሳሙና፣ ለቆዳ ይውላል።

ስካውቱ ይህን ሁሉ በዝርዝር አላወራም። እጁን ወደ ሰሜን ዘርግቶ «ውሃው እዚያ ይቀራል» አለ እንጂ።

አባትየው ግን ወደ ሰሜን ሲያይ የመጣው ሌላ ነገር ነው። ያን ዕለት ጠዋት መቂ ላይ ቆሞ ነበር። በመንገድ ዳር ከተደረደሩት ሻጮች ግማሽ ሣጥን ቲማቲምና አንድ ከረጢት ቀይ ሽንኩርት ገዝቷል። ርካሽ ነበር፤ ሚስቱም አደራ ብላዋለች። ቲማቲሙ አሁን ራቭፎሩ ውስጥ፣ ከኋላ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ሐይቁን ማን እንደ ጠጣው ሲያስብ ቆይቶ መልሱን የመኪናው ኮፈን ውስጥ አገኘው።

የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከውሃ ወፍ ጋር ባለን ግንኙነት የምንኮራበት ነገር አለን። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የውሃ ወፍ አይበላም። በሌላው ዓለም ዳክዬና ዝይ ጠመንጃ ሲያዩ ይሸሻሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ መኖሪያው የሆነው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ግን ከብት ከሚጠብቁ ልጆች አጠገብ ሣር ሲግጥ ይውላል። እምነታችንና ልማዳችን፣ ማንም ሕግ ሳያወጣ፣ እነዚህን ፍጥረታት ጠብቆ አቆይቷል። አንድ የውጭ አገር ወፍ ተመልካች አገራችን መጥቶ መጀመሪያ የሚገርመው ወፎቹ ሰው አለመፍራታቸው ነው።

ይህ ኩራት ግን አሳስቶናል። ወፉን ስላልገደልነው ያልጎዳነው መስሎናል። ፔሊካኑን ማንም አልተኮሰበትም፤ ወጥመድም ማንም አላጠመደበትም። ዝም ብለን ከላይ ጠጣንበት። እጃችን ላይ ደም የለም፤ ስለዚህ ሲጠፋም ማንም አልተጠየቀም፣ ማንም አላለቀሰም። ገበሬው ልጁን አስተማረ። ፋብሪካው ጠርሙስ ለሚሠራው ጥሬ ዕቃ አቀረበ። አበባው ዶላር አመጣ። እኛም ሰላጣችንን በላን። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥፋተኛ የለም። ተደምሮ ሲታይ ግን ሐይቅ የለም።

«ታዲያ ሰው ከወፍ ይቀድማል አይደል?» የሚል ይኖራል። ይቀድማል። ለተራበ ልጅ ከፔሊካን በፊት ሽንኩርቱን የሚሸጥለት አባቱ ይቀድማል። ግን ጥያቄው እንዲህ ሆኖ መጥቶ አያውቅም። ሰውና ወፍ ተፋጥጠው ሰው የመረጠበት ቀን የለም። የሆነው፣ እያንዳንዱ ፓምፕ ሲተከል የተጠየቀው «ለዚህ እርሻ ይበቃል ወይ?» ተብሎ ብቻ ነው። «መጨረሻ ላይ ላለው ምን ይተርፋል?» የሚለውን የሚጠይቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልተሰማም። ፓርኩን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት አንድ ነው፣ መስኖውን የሚያስፋፋው ሌላ፣ ፋብሪካውን የሚቆጣጠረው ሌላ፣ ውሃውን የሚያስተዳድረው ሌላ። ወፉ የሚያውቀው አንድ ውሃ ብቻ ነው። እኛ ግን በአራት መዝገብ ከፋፍለነዋል።

ደግሞም ወፍ ቀድሞ ይሄዳል እንጂ ብቻውን አይሄድም። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ከወፎቹ በኋላ ተራው የቧንቧው ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ቢመለስም፣ ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊጠፋ እንደሚችል አይተናል። ዝዋይም ቢሆን ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ በአማካይ ሦስት ሜትር አይሞላም። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውሃ ነው። ዛሬ በአብያታ የሆነው ነገር ነገ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው መኖሪያ የማይመጣበት ምክንያት የለም።

አባትና ልጅ ወደ መኪናው ተመለሱ። ልጅቷ ደብተሯን አልከፈተችውም። አላኮረፈችም፤ አላማረረችም፤ ያ ነው የባሰው። መሪውን ይዞ የነዳው አባት ቃል ያፈረሰ ሰው መሰለው። በላንጋኖ መገንጠያ በኩል ሲያልፉ ከአዲስ አበባ የመጡ መኪኖች በሰልፍ ወደ ሪዞርቶቹ ሲታጠፉ አዩ። በየሳምንቱ መጨረሻ ብዙ ቤተሰብ ከፓርኩ በር በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ይዋኛል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። ከመንገዱ ማዶ ለወፍ የተከለለ መሬት እንዳለ ከነዚህ ስንቱ ያውቃል?

ወደ ቤት ሲመለሱ ዝዋይ ላይ ቆሙ። አሁን ስሙ ባቱ ነው፤ ሐይቁም ደንበል ይባላል፤ የመኪና ረዳቱ ግን ዛሬም «ዝዋይ ወራጅ አለ?» ይላል። የቆሙት ለምሳ ነው። ጀልባዎች የሚያርፉበት ዳር አሳ ጠብሰው የሚሸጡ አሉ።

ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ ሦስት እርምጃ እንደ ሄደች ቆመች።

ከፊት ለፊቷ፣ ከእሷ የማያንስ ቁመት ያለው ራሰ በራ ወፍ ቆሟል። አንገቱ ላይ ሮዝ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደሚጠብቅ ሽማግሌ ትከሻውን ሰብስቦ ያያታል። አላፈገፈገም። ከሱ ኋላ ሌሎች ሃያ ያህል አሉ። ከነሱ ወዲያ፣ ከጀልባዎቹ መካከል፣ ነጫጭ ትልልቅ ነገሮች ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

«አባዬ!»

«አየሁት» አለ። ድምፁ ተለወጠ። «ያ ነው። ያ ነው ፔሊካን።»

አሳ የሚበልቱት ወጣቶች ሥራቸው ላይ ናቸው። የቆሮሶውን ሥጋ ለፊሌቶ አውጥተው አጥንቱንና አንጀቱን ወደ ውሃው ሲጥሉ ፔሊካኖቹ ከረጢታቸውን ከፍተው ይሻማሉ፤ መሬት ላይ የወደቀውን ራሰ በራዎቹ ይለቅሙታል። ማንም ማንንም አያባርርም። አንዱ ወጣት ልጅቷን አይቶ ሳቀ።

«ሚጣ፣ አትፍሪው። አባ ኮዳ ነው። ጨዋ ነው፤ ተራውን ይጠብቃል።»

«ለምንድን ነው አባ ኮዳ የተባለው?»

«ኮዳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የለ!»

«የሚነካከስስ የለም?»

«ያ፣ ክንፉ የተሰበረው ትንሽ ቁጡ ነው። እሱን ለብቻው ነው የምንሰጠው፤ ሌሎቹ ይቀሙታል።»

ወጣቱ ከሃያዎቹ አንዱን ለይቶ ያውቀዋል። ምሳውን ለብቻው ያስቀምጥለታል። ይህን የሚያደርገው ማንም አሠልጥኖት፣ ማንም ደመወዝ ከፍሎት አይደለም። በየቀኑ ስለሚያየው ነው።

አባትየው አሳ ጥብሱ እስኪመጣ ድረስ የሁለቱን ቦታዎች ነገር ሲያነጻጽር ቆየ። ጠዋት ያየው ቦታ ሕግ አለው፣ ካርታ አለው፣ ስካውት አለው፤ ሰውና ወፍ ግን አይተዋወቁም። ይኸኛው ቦታ ሕግም አጥርም የለውም፤ ሰውና ወፍ ግን በየቀኑ አብረው ይበላሉ። በእርግጥ ይህም ሙሉ አይደለም። አንጀት ለመብላት የለመደ ወፍ እንደ ዱር ወፍ አይቆጠርም ይባላል፤ እውነት አለው። በዳሩም ላይ ፌስታልና ፕላስቲክ ሞልቷል። ሆኖም ነገ ዝዋይ አሥር ሜትር ቢሸሽ ቀድሞ የሚያውቀው፣ ቀድሞ የሚጮኸው ያ አሳ በላች ወጣት ነው። አብያታ ኪሎ ሜትሮች ሲሸሽ ግን ስንታችን ሰማን?

ስለዚህ መፍትሔ ሲነገር ሁለት ነገር አንድ ላይ መነገር አለበት። አንደኛው የውሃው ድርሻ ነው። ከዝዋይ ለሁሉም ተከፋፍሎ የተረፈው ለአብያታ ከሚሆን፣ መጀመሪያ በቡልቡላ ወርዶ አብያታ መድረስ ያለበት መጠን ተለክቶ ይቀመጥ፤ ፓምፑም፣ ፋብሪካውም፣ እርሻውም ከዚያ በኋላ ያለውን ይካፈሉ። ገበሬውን መቅጣት አይደለም። ቦዩ የሚያባክነውን ውሃ በጠብታ መስኖ ማዳን የሚችልበትን አቅም መስጠት የመንግሥትም፣ ቲማቲሙን በርካሽ የምንበላው የእኛም ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ቀላሉ ነው፤ ግን ማንም አይሠራውም። ልጆችን ማምጣት ነው። ያ የሳይንስ መምህር በጀት አልነበራቸውም፤ ባርኔጣና ብጣሽ ወረቀት ነበራቸው። ዛሬ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ለዓመት መዝጊያ ጉዞ በየልጁ ብዙ ብር ይሰበስባሉ፤ የሚወስዷቸው ግን ወደ መዋኛና ወደ መዝናኛ ማዕከል ነው። ከዋና ከተማችን በቢሾፍቱ፣ በገፈርሳ፣ በዝዋይ፣ በሀዋሳ፣ የውሃ ወፍ ያለበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ለአንድ ልጅ አንድ ወፍ መስጠት ነው። መቶውን ዝርያ ያጠና ልጅ ፈተናውን ያልፋል፤ አንዱን ውሎውን ሙሉ ያየ ልጅ ግን ከአርባ ዓመት በኋላ መኪና ተውሶ ይፈልገዋል።

ሲጠፋም ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአብያታን መሸሽ በሳተላይት የለኩ ምሁራን አሉ፤ ጽሑፋቸውም አለ። የጎደለው «የኔ ወፍ የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነው። ቁጥር ብቻውን ስብሰባ አያስጠራም። የጎደለበት ሰው ግን ያስጠራል።

ምሳው አለቀ። ልጅቷ ከአሳው ጥቂት በልታ የቀረውን ረስታዋለች፤ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። አባትየው ፔሊካኑን የምትሥል መስሎት ከኋላዋ ሄዶ አየ። የሣለችው ራሰ በራውን ነው፤ ያን ክንፉ የተሰበረውን። አስቀያሚነቱን አልቀነሰችለትም።

«ፔሊካኑስ?»

«እሱማ ያንተ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ይሄ የኔ ነው።»

ማምሻው ላይ መንገድ ጀመሩ። መቂ ሲደርሱ የቲማቲም ሻጮቹ መኪናቸውን አይተው እጃቸውን አወዛወዙ። አባትየው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ግን አልቆመም። ከኋላ ያለው ግማሽ ሣጥን ለሳምንት ይበቃል።

«አባዬ» አለች ልጅቷ ሞጆ ሳይደርሱ፣ እንቅልፍ እየጣላት። «ዝዋይም ከደረቀ አባ ኮዳ የት ይሄዳል?»

አባትየው መልስ ፈለገ። መምህሩ ቢሆኑ ምን ይሏት እንደ ነበር አሰበ። በአርባ ዓመት በፊቱ ጉዞ፣ «የት ሄዱ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መልስ ነበር፤ ከኮረብታው ማዶ ልጆቻቸው ነበሩ። ዛሬ ግን ለልጁ የሚሰጣት እንደዚያ ያለ መልስ የለውም።

«እንዳይደርቅ ነው እንጂ» አላት።

ልጅቷ ግን ተኝታ ነበር። ደብተሩ እቅፏ ውስጥ ነው።